የቤንዚን አውቶሞቢልና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፤ ለማን የትኛው?

አዲስ ነገር ወደ አገር በገባ ቁጥር ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን የመጣውን ሁሉ ስለ አዲስነቱ ብቻ ያመሰግናል፤ ሌላው ወገን የለመደውን ላለመተው ሲል አዲሱን ሳይመረምር ይነቅፋል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ሊሆን አይገባውም። ለእርሱ የሚሻለው ቆጥሮና መዝኖ፥ ከቤቱ ዐቅም ጋር አስተያይቶ መወሰን ነው። በዚህ ወር ልንመለከተው ያሰብነውም በየቤቱ ክርክር ያስነሣውን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጉዳይ ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያደረገን የባለቤታችን ታናሽ ወንድም ነው። ይህ ሰው በአዲስ አበባ ከተማ በአንዲት አሮጌ የቤንዚን ታክሲ የሚተዳደር፥ የሦስት ልጆች አባት ነው። አንድ እሑድ ማታ ወደ ቤታችን መጥቶ፥ «ጋሼ፥ መኪናዬን ሸጬ፥ የዕቁቤን ብር ጨምሬ፥ የጎደለውን ተበድሬ በመብራት የሚሄደውን ልግዛ ብዬ አስቤአለሁ፤ እርስዎ ምን ይሉኛል?» ሲል ጠየቀን። የቤቱ እንጀራ በዚያች መኪና ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ምክራችን ቢሳሳት የሚጎዳው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ዐወቅን። ስለዚህም ለመመለስ ከመቸኮል ይልቅ ደብተርና እርሳስ አስመጣን።

አስቀድመን የነገርነው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ብዙ ሰው እንደሚመስለው የትናንት ፍጥረት አለመሆኑን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ካሚል ዤናዚ የተባለ ቤልጂጋዊ በፓሪስ አጠገብ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት ከሰው ሁሉ ቀዳሚ ሲሆን፥ የነዳት መኪና የምትሠራው በባትሪ ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከቤንዚኖቹ ጋር ተፎካክረው ይሸጡ ነበር፤ የቤንዚኑ ሞተር ብረት በእጅ እየተሽከረከረ ስለሚነሣ፥ ክንድ እስከ መስበር ያደርስ ነበርና። ኋላ ግን በ1912 ዓ.ም. ሞተሩን በቁልፍ የሚያስነሣ መሣሪያ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ፤ ፎርድም ርካሽ መኪና በብዛት ሠራ፤ ቤንዚንም በየመንገዱ ተገኘ። በባትሪ የሚሄደውም በክብደቱና በመንገዱ ማጠር ምክንያት ተሸንፎ ቀረ። እንደ ገና ሊነሣ የቻለው ሊቲየም የሚባለው ማዕድን ያለበት ቀላል ባትሪ በ1991 ዓ.ም. ለገበያ ከበቃ በኋላ ነው። ይህን ባትሪ ያስገኙት ሦስት ሊቃውንት በ2019 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

እንግዲህ የጥንቱ ድካም ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋምና ነገሩን በቁጥር እንመልከት። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። አንድ ኪሎ የመኪና ባትሪ ግን የሚይዘው ከ0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት እምብዛም አያልፍም። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ብቻውን 400 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ስለዚህ ነው። በዚህ በኩል ቤንዚን እጅግ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የቤንዚን ሞተር የተሰጠውን ኃይል አባካኝ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል በሙቀትና በጢስ ያጠፋዋል፤ ወደ ጎማ የሚደርሰው ከአንድ እጅ ብዙ አያልፍም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተሰጠው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ለመንገዱ ያውለዋል። ስለዚህ አንዲት አነስተኛ የቤንዚን መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ያህል ስትፈልግ፥ የኤሌክትሪኳ መኪና፥ ባትሪው ሲሞላ የሚባክነው ጭምር ተቆጥሮ፥ 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል፤ በዚህ ሒሳብ የአንድ ቀን መንገድ ከ800 ብር በላይ ይፈጃል። የመብራቱን ዋጋ እያንዳንዱ ከወር ደረሰኙ ተመልክቶ ያባዛ፤ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነውና አስፍተን ኪሎ ዋት ሰዓቱን 10 ብር ብናደርገው እንኳ ከ190 ብር አይበልጥም። አማቻችን ይህን ሲያይ ዐይኑ በራ።

ሌላም ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ካንዴላ፥ የሞተር ዘይት፥ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ በጋራዥ የሚያልቀው ገንዘብና ጊዜ ይቀንሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ለመንቀሳቀስ አየር አይፈልግምና ዳገት አያሰንፈውም። በቁልቁለት ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ኃይልን ወደ ባትሪው ይመልሳል። 2000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፥ መንገዱ ከሚፈጀው ሌላ፥ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። የዓባይን በረሃ የሚሻገር ሰው ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ከዚህ ከፊሉን ይሰበስብና ወደ ደጀን ሲወጣ መልሶ ይከፍላል። የቤንዚኑ መኪና ግን በቁልቁለት የሚያተርፈው የፍሬን ሙቀት ብቻ ነው።

የአገርም ጥቅም አለበት። ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው በጅቡቲ በኩል የሚመጡ ናቸው፤ መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከወንዞቻችን ውሃ የሚገኝ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ሲያመነጭ እንደ ታላቅ ነገር ታይቶ ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን እስከ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ እኛ መብራቷን ከውሃ የምታገኘው ኖርዌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ከተሸጡላት አዳዲስ የቤት መኪናዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ነገር ግን ወደዚህ የደረሰችው ለብዙ ዓመታት ቀረጥ እያነሣችና መሙያውን በየመንገዱ እየተከለች መሆኑን አንርሳ።

እስከዚህ ድረስ ሒሳባችን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ነበር። አማቻችንም ነገሩን በተግባር ለማየት ፈልጎ የጓደኛውን መኪና ተዋሰ፤ መኪናዪቱም አዲስ ሳለች 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ትይዝ የነበረች፥ ያገለገለች ናት። በዚያው አማታችንን እንጠይቅ ብለን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ተጓዝን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናዪቱ ያለ ድምፅ እንደ ውሃ ስትፈስ ደስ አለን፤ ዳገቱንም ናቀችው። ስንደርስ ከባትሪው ሲሶ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ሌሊቱን እንሞላለን፥ እሑድ ማታ እንመለሳለን ብለን ነበርና አልተጨነቅንም።

የሆነው ግን እንዳሰብነው አልነበረም። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ፤ እሑድም ሳይመጣ ዋለ፤ የመጣውም ሰኞ ሊነጋ ሲል ነው። የቤት ሶኬት በሰዓት የሚሰጠው ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት እምብዛም አይበልጥምና፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ በአማታችን ደጅ ገመድ ስንጠብቅ ዋልን። በዚያች ዕለት አማቻችን የቀን ገቢውን አጣ፤ እኛም ለፈተና የተዘጋጁ ተማሪዎቻችንን ያለ መምህር አስቀረን። በመምህርነት በቆየንበት ዘመን ያለ ሕመምና ያለ ሐዘን ከክፍል የቀረንበት ቀን ያ ብቻ ነውና እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

በመንገድ ላይ አማቻችን ዝም አለ። ወደ ከተማው ስንቃረብ፥ «ጋሼ፥ በቤንዚኗ መኪና ቢሆን ኖሮ ትናንት ማታ እንገባ ነበር» አለን። እውነቱን ነው። ለነዳጅ በሰልፍ ያሳለፋቸውን ሌሊቶችም አስታወስነው፤ ይህም እውነት ነው። መኪናዪቱ አልበደለችንም፤ የበደልነው መንገዱን ከማስላታችን በፊት መብራቱን አምነን የወጣን እኛ ነን። ግድቡ ታላቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከግድቡ እስከ ቤታችን ሶኬት ያለው ሽቦ የታመነ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄያችንን ለወጥነው። «መኪናዪቱ ጥሩ ናት ወይ?» ማለቱን ትተን፥ «ሌሊት የምታድርበት ቦታ የት ነው?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም የሚኖረው በኪራይ ቤት፥ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ፥ «ታዲያ ሴቶቹ እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት መኪናህን ልትሰካ ነው?» አለችው። እኛ በሊቃውንት ሒሳብ ስንደክም ዋናውን ነገር ያገኘችው እርሷ ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ መኪናው 2 ቢጨምርበት የአሮጌ ግቢ ሽቦ ሊሸከመው አይችልም። ሽቦው ከጋለ ደግሞ የሚመጣው የመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ ነው። በወሩ መጨረሻም ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ጠብ በጎረቤት መካከል ይነሣል።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የቤንዚኑን ቦታ ሊይዝ ይችላልን? ላልነው ጥያቄ መልሳችን፥ ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ነው።

በከተማ ውስጥ በቀን 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፥ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ሳያመነታ ሊገዛው ይችላል። ከቤንዚን ሰልፍ ይድናል፤ የልጆቹንም ሳንባ ከጢስ ያድናል።

በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር፥ መኪናውን በመንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ግን በአጠገቡ የታመነ መሙያ መኖሩን ሳያረጋግጥ አይግዛ። የፈጣን መሙያ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አብዛኛውን ይሞላል፤ ይሁን እንጂ ባትሪን ዘወትር በፍጥነት መሙላት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ተራ መጠበቅም አለ።

ወደ ባሕር ዳርና ከዚያም ወዲያ አዘውትሮ የሚጓዝ፥ ወይም በገጠር ጭነት የሚያመላልስ ሰው ለጊዜው የያዘውን በደኅና ይያዝ። ለከባድ ጭነት የሚበቃ ባትሪ ራሱ ጭነት ይሆናልና። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ግን ሽቦው ከላዩ ስለ ተዘረጋለት ባትሪ ሳይሸከም ጭነት እንደሚጎትት እናያለን፤ ለከባዱ ሸክም በዚያ በኩል መንገድ አለ።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ባትሪውን ያስመርምር። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160 ሺሕ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋስትናው በአገራችን ይሠራ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። ከመኪናው ዋጋ ታላቁ ድርሻ ባትሪው ነውና፥ የደከመ ባትሪ ያለውን መኪና በርካሽ ገዛሁ የሚል ሰው የታመመች ላም በርካሽ ገዝቶ ወተት እንደሚጠብቅ ነው።

አማቻችን እስካሁን መኪናዋን አልሸጠም። ስንመለስ መጀመሪያ ያደረገው የግቢውን ባለቤት እማማን ማነጋገር ነበር። እሳቸውም በመጀመሪያ ፈርተው፥ «ልጄ፥ ቤቴን እንዳታቃጥልብኝ» አሉት፤ ኋላ ግን ለብቻው ቆጣሪ እንዲያስገባና በዐዋቂ ሠራተኛ አዲስ ሽቦ እንዲያዘረጋ ፈቀዱለት። ማመልከቻውን የጻፍንለት እኛ ነን። ቆጣሪው ከገባ፥ ዕቁቡም ከደረሰው፥ መኪናዋን ይለውጣል፤ ካልገባ በቤንዚኗ ይቀጥላል። እናቱን ሊጠይቅ ሲወጣ በአውቶቡስ እንደሚሄድም ወስኗል።

ይህ ውሳኔ የፈሪ ውሳኔ አይደለም። አዲሱን አልናቀም፤ ልጆቹ የሚበሉበትንም እንጀራ ለዕድል አልሰጠም። እናንተም የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ ይህ ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ወደ መኪና ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፤ በቀን የምትሄዱትን ኪሎ ሜትር፥ መኪናዋ የምታድርበትን ቦታ፥ በሳምንት መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት። ስትጽፉም ምጣዱ ላይ የሚቀመጡትን አማክሩ። የቤቱን ሽቦ ዐቅም ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።