ለእንግዳ የሚሠራ ማዕድ

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ የሚደርስ እንግዳ፣ በየሆቴሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ፓስታና ሩዝ መሆኑ፣ አገሩን የራሱ መብል ያጣ ያስመስለዋልና፣ ይህ ልማድ ቢታረም ደግ ነው እላለሁ።

ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ቅመም በገባበት ንጥር ቅቤ እየታሸ የሚበጀው ጩኮ፣ ሳይበላሽ ስለሚሰነብት የመንገደኛ ስንቅ፣ ስለ ክብሩም የበዓል መብል ሆኖ ሳለ፣ ከምግብ ዝርዝሩ መታጣቱ ያስደንቃል፤ ጨጨብሳ ግን፣ ምስጋና ለቁርስ ቤቶች ይሁንና፣ ጠበቃ አያሻውም።

ፖርቱጋላዊው ከሩቅ ሰሜን ባሕር የሚመጣለትን የደረቀ ጨው ዓሣ እንኳ የአገሬ ወግ ነው ብሎ በኩራት ሲያቀርብ፣ እኛ በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር፣ የዘይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በታንኳ የሚያጠምዱትን፣ ጎኑ ተተልትሎ በዘይት ተጠብሶ በአዋዜ የሚበላውን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ለእንግዳ ለማቅረብ ማመንታታችን ምክንያቱ አይገባኝም። እሾሁን እየለቀሙ በእጅ መብላት ሥርዓቱ ነውና፣ በሹካ የሚታገል ጎብኚ ቢኖር አስተናጋጁ በትሕትና ያስተምረው።

በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እተዋለሁ፤ ባለ ሆቴሎቹ ግን ጩኮውን ከነእርጎው ቢያስቀድሙ፣ ፓስታ ለሚሻው ፓስታውን የሚከለክላቸው የለም።