ቤቱ ከመያዙ በፊት

ልጅዎ «አንድ የታወቀ የአዲስ አበባ ካፌ ስሙን ሰጥቶኝ መቱ ላይ ልከፍት ነው፤ ቤታችንን ለብድር እናስይዝ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? አይቆጡ፤ ግን አይቸኩሉ።

በሌላ ድርጅት ስምና አሠራር እየከፈሉ መነገድ ፍራንቻይዝ ይባላል። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በዚሁ መንገድ፣ በአገር ውስጥ ኩባንያ እጅ ነው። ውሉን የሚያዘጋጀው ግን ባለስሙ ነው፤ ለራሱ እንዲመች አድርጎ።

ስለዚህ ሳይፈረም ጠበቃ ያንብበው። ስሙ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መመዝገቡን፣ ውሉ ሲፈርስ ዕቃው የማን እንደሚሆን፣ ጎሬ ላይ ሌላ ሰው በዚሁ ስም መክፈት ይችል እንደሆነ ያጣራ። ሒሳብ አዋቂም ስሌቱን በመቱ ገበያ ይሥራው። በቡና ለቀማ ወራት ገንዘብ ይዘዋወራል፣ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ወርሃዊው ክፍያ ግን ክረምት አያውቅም። ዕቃው ከባለስሙ ብቻ ይገዛ ከተባለም የ600 ኪሎ ሜትር ገደማ የጭነት ዋጋ አለ።

ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ሊከብድ ይችላል። ቤቱ ግን የእርስዎ ጡረታ፣ የልጅ ልጆችዎም መጠጊያ ነው። ልጅዎን «እሺ፣ መጀመሪያ ግን ወረቀቱን አብረን እናስነብብ» ይበሉት። ሳይቃጠል በቅጠል።