ቅጠል ቡና ለእንግዳ አይቀርብም?

የጊቤ ወረዳ ከተማ በሆነችው ሆመቾም ሆነ በሌሎቹ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ጓሮ ያለው ሰው እንሰት ይተክላል፤ በእንሰቱ ጥላ ሥር ደግሞ ጥቂት እግር ቡና አያጣም። ፍሬው ተለቅሞና ደርቆ ገበያ ይወጣል፤ ደብተር ይሆናል፣ ጫማ ይሆናል፣ ግብር ይሆናል። ቅጠሉ ከቤት ይቀራል። ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ገብቶበት ይፈላና ቤተሰቡ በተቀቀለ ድንች ወይም በጎደሬ ይጠጣዋል። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ግን ማሰሮው ገለል ይደረግና ሻይ ይጣዳል፤ አለዚያም ልጅ ለስላሳ እንዲገዛ ወደ ሱቅ ይላካል። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም።

ማሰሮውን ገለል የሚያስደርገው ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠል ቡና ፍሬ ያጣ ሰው መጠጥ ነው የሚል ሐሜት አለበት። ሐሜቱ የእኛ ብቻም አይደለም። በኢንዶኔዥያዋ የሱማትራ ደሴት «ካዋ ዳውን» የሚባል የቡና ቅጠል መጠጥ አለ። ስለ አመጣጡ ሲተረክ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንድ ቅኝ ገዥዎች ገበሬውን ፍሬውን እንዲያስረክብ ሲያስገድዱት ለራሱ ቅጠሉ ብቻ ቀረለት ይባላል። ይሁን እንጂ ችግር የወለደው ነገር ሁሉ ጣዕም የለውም ያለው ማን ነው? ወላይታ «ሃይታ ቱኬ» ብሎ ይጠጣዋል። ሐረርም ቅጠሉን በምጣድ አምሶ «ቁጢ» ይለዋል፤ ሐረር ደግሞ፣ መቼም፣ ፍሬ አጣ ተብሎ የሚታማ አገር አይደለም።

ቅጠሉን ከዚህ ሐሜት ለማዳን የተነሡት ሰዎች በበኩላቸው መድኃኒት ያደርጉታል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ ያልተባለለት በሽታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ማንጊፈሪን የተባለ፣ በማንጎም የሚገኝ ንጥረ ነገር መኖሩን ገልጿል። ንጥረ ነገሩ በቅጠሉ ተገኘ ማለት ግን ሲኒው በሽታ ይፈውሳል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ሲፈቅድ፣ በሌላ አገር በልማድ ሲጠጣ የኖረ ምግብ ነው ብሎ እንጂ መድኃኒት ነው ብሎ አልነበረም። እናቶቻችን ያጠጡን ነገር የብራሰልስ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ሳለ የእኛ ሳሎን አለመግባቱ ይደንቀኛል።

እንግዲህ በምላስ እንመዝነው። በእኔ ቤት ለጋው ቅጠል ይመረጣል፤ በሙቀጫ በደንብ ካልደቀቀ ውኃው የሣር ሽታ ብቻ ይዞ ይቀራል። ዝንጅብሉ እሳት ስለሚችል ቀድሞ ይገባል፤ ቅጠሉና ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላሉ። ጤና አዳም ማሰሮው ሊወርድ ሲል የሚጣል አንድ ትንሽ ዘለላ ነው፤ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ ባይገባበት ይሻላል፤ በብዛት ሲወሰድ ለፅንስ የሚያሰጋ ተክል ነውና። ቅጠሉም ቢሆን ካፌይን አለበት፤ ሲመሽ ለሕፃን አይቀዳም። ኮረሪማ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ግን የፍሬውን ቡና እንዲመስል የሚደረገውን ጥረት አልወድለትም። ቅጠሉ የራሱ ምሬት አለው፤ ከዝንጅብሉ ትኩሳት በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ድንቹን ደግሞ እንድንቆርስ የሚያደርግ ምሬት።

ስኳር የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ይደነግጣል። ይደንግጥ። እንግዳዬ ከአዲስ አበባ የመጣ እንደ ሆነ ቃሪያውን እቀንስለታለሁ፤ ጨውን ግን አልነካም።