የጦር መሣሪያ አቀማመጥ

ማናቸውም መሣሪያ የሚያገለግለው በጠባቂው ትጋት ልክ ነው። ማረሻ በዝናብ ሲጣል ይዝጋል፤ መጽሐፍ በጢስ ቤት ሲቀመጥ ይጠቁራል፤ እህልም በእርጥብ ጎተራ ሲከማች ይሻግታል። ዳሩ ግን እነዚህ ሁሉ በመበላሸታቸው ባለቤታቸውን ያከስሩት እንደ ሆነ ነው እንጂ አይገድሉትም። ጠመንጃ ግን እንዲህ አይደለም። ተጠብቆ ሲቀመጥ ታማኝ አገልጋይ እንደሚሆን ሁሉ፥ ተረስቶ ሲቀመጥ በባለቤቱና በባለቤቱ ልጆች ላይ የሚነሣ ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ጠመንጃ ይዞ ማስቀመጥን አለማወቅ፥ እሳት ጭሮ ማዳፈንን እንዳለማወቅ ይቈጠራል።

በኢትዮጵያ ጠመንጃ እንደ ተራ ዕቃ ታይቶ አያውቅም። ሰናድር፥ ውጅግራ፥ አልቤን፥ ምንሽርና ቤልጅግ የተባሉት ስሞች በሽማግሌዎች አፍ እንደ ሰው ስም ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል የሠራዊቱ ጀግንነት ውጤት መሆኑ የታወቀ ሲሆን፥ አስቀድሞ በብዙ ድካምና ወጪ ከባሕር ማዶ የተሰበሰበው ነፍጥ ለድሉ የነበረው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ከዚያም በኋላ መሣሪያ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በፓሪስ የተፈረመው ውል የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበትን ሥርዓት የወሰነ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር ድንበር ሲያልፍም መሣሪያ እንደ ልብ የሚገዛበት መንገድ ጠቦ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ በዝገት የጠፋ አንድ ጠመንጃ ማለት ባዶ እጁን የቀረ አንድ አርበኛ ማለት ነበር።

በአርሲ ደጋ ግን የነፍጥ ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ምድር በተደረገው ጦርነት አንዱ ወገን ነፍጥ፥ ሌላው ወገን ጦርና ጋሻ ይዞ ነበርና፥ ጠመንጃ ለአንዱ ቤት የክብር፥ ለሌላው ቤት የሐዘን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። ይህን የመሰለ ትዝታ ያለበት ሕዝብ ነፍጥን በንቀትም ሆነ በቸልታ ሊያየው አይገባም።

ዛሬ የመሣሪያው ጉዳይ በሕግ የተደነገገ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አስተሳስሮታል። ፈቃድ ማለትም አደራ ማለት ነው። ዳሩ ግን አዋጅ ጠመንጃን ከእርጥበት አያደርቀውም፤ የምዝገባ ወረቀትም የሣጥንን ቁልፍ አይቈልፍም። ይህ የባለ አደራው ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያህል የጮሌን ወረዳና በዙሪያው ያለውን የአርሲ ደጋ መመልከት ይበቃል። ይህ ሀገር ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉት የጭላሎና የበዳ ተራሮች የሚገኙበት፥ በአንድ ወገን ወደ ዋቢ ሸበሌ፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽና ወደ ስምጥ ሸለቆ ቈላ የሚወረድበት ነው። በበልግ ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡና ጉሙ አይለይም። ገብስና ስንዴ የሚያለማው ይህ ዝናብ ለብረት ጠላት ነው። ዝገት የሚወለደው ብረት፥ አየርና ውሃ ሲገናኙ ነውና። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ከመቶ 60 እጅ ሲያልፍ ዝገት ይፋጠናል። ስለዚህ መሣሪያ የሚያስቀምጡ አዋቂዎች ከ40 እስከ 50 እጅ ያለውን መጠን ይመርጣሉ።

ብዙ ሰው ጠመንጃን የሚያበላሸው ዝናብ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ጣራ ሳያፈስስ መሣሪያ ሊርስ ይችላል። በቆርቆሮ የተሠራ ጋራዥ ወይም የእርሻ መሣሪያ ማኖሪያ ቀን በፀሐይ ሲጋል፥ ከአፈሩና ከእርጥቡ ግድግዳ የሚነሣው እንፋሎት አየሩን ይሞላዋል። ሌሊት የደጋው ብርድ ሲመጣ ቆርቆሮውና ብረቱ ይቀዘቅዛሉ፤ ያም እንፋሎት በላያቸው ጤዛ ሆኖ ያርፋል። በማግሥቱ ፀሐይ ጤዛውን ታነሣዋለች፤ ሲመሽም ተመልሶ ይወርዳል። እንዲህ እየሆነ አንድ ጠመንጃ በአንድ ክረምት ውስጥ፥ አንድ የዝናብ ነጠብጣብ ሳይነካው፥ ብዙ ጊዜ ይታጠባል። በብርድ ያደረ መሣሪያ እሳት ወደሚነድበት ቤት ድንገት ሲገባ፥ ወይም ከደጋ ወደ ሞቃቱ ቈላ በአንድ ቀን ሲወርድም እንዲሁ ያልበዋል።

ለአርሲ ገበሬ ከዚህ የባሰ ሌላ ነገር አለ። በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ተቋቁሞ ካዱ ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ካስፋፋ ወዲህ፥ ማዳበሪያ በአርሲ ገበሬ ቤት የታወቀ ዕቃ ሆኗል። ትራክተሩ፥ ነዳጁ፥ የማዳበሪያው ከረጢትና የነቀዝ መድኃኒቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲቀመጡ፥ ጠመንጃውም በዚያው ማዕዘን ሲቆም ጒዳቱ ከባድ ይሆናል። ማዳበሪያ ከአየር እርጥበትን የሚስብ ጨው ነው፤ ትቢያው በብረት ላይ ሲያርፍ ዝገትን ይጠራል። ዩሪያ ሲርስ አሞንያ ያወጣል። ነቀዝ ለማጥፋት በእህል ውስጥ የሚጨመረው አሉሚኒየም ፎስፋይድም የሚያወጣው ጋዝ መዳብንና ናስን ይበላል፤ የጥይት ቀለህ ደግሞ በብዛት ከናስ የሚሠራ ነው።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም የታየና የተመረመረ ነው። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ጥይቱን በፈረስ ጋጣ ባስቀመጠ ጊዜ፥ ማንም ሳይነካው ቀለሁ እየተሰነጠቀ አስቸግሮ ነበር። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1921 ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ከፈረሶች ሽንት የሚነሣው አሞንያ ናሱን እንደሚሰነጥቀው ገለጹ። ፈረስ በሚወደድበትና ከብት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት የአርሲ ደጋ ዝናርን በጋጣ አጠገብ መስቀል ይኸንኑ ጥፋት መድገም ነው።

አንዳንድ ሰው «ቢዝግ የሚጐዳው ንብረቱ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። ዝገት የጥይቱን ቤት ሲያሻክረው ቀለሁ ተጣብቆ ይቀራል፤ ባለቤቱም አወጣለሁ ሲል ጠመንጃው የጎረሰ መሆኑን ይዘነጋል። ዝገት የቃታውንና የመጠበቂያውን ሥራ ሲያበላሽ፥ የተቈለፈ የመሰለው መሣሪያ ሲወድቅ ይተኵሳል። በአፈሙዙ ውስጥ ጭቃ፥ የጨርቅ ቍራጭ፥ የደረቀ ቅባት ወይም ተርብ የሠራው ቤት ሲገኝ ደግሞ፥ ጥይቱ መውጫ አጥቶ ብረቱን በተኳሹ ፊት ላይ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ የአቀማመጥ ጒዳይ የንብረት ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጒዳይ ነው።

የጥይትም ነገር ከዚህ አያንስም። በቀለሁ ውስጥ ያለው ጢስ አልባ ባሩድ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ እየፈረሰ የሚሄድ ነው። በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ ብዙ ዘመን የሚኖረው ጥይት፥ በፀሐይ በሚግል ቆርቆሮ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ሲከርም ዕድሜው ያጥራል፤ አንዱ አልተኩስ ሲል ሌላው ዘግይቶ ይተኵሳል። በነዳጅና በገለባ አጠገብ ከተቀመጠ ደግሞ የአንድ ክብሪት ስሕተት ይበቃዋል።

ጥይት በብዛት ሲከማችና ጥበቃው ሲላላ የሚመጣውን መከራ ኢትዮጵያ ራሷ አይታዋለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈንድቶ አንድ መቶ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይታወቃል። ጥር 19 ቀን 1994 ዓ.ም. በናይጄሪያ በሌጎስ ከተማ የኢኬጃ የጦር ሰፈር ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ከአንድ ሺህ በላይ ሕዝብ አልቋል። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በኢኳቶሪያል ጊኒ በባታ ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ከአንድ መቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ምክንያቱን ሲገልጹ የጠባቂዎቹን ቸልተኛነትና በአቅራቢያው ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጽዳት የለኰሱትን እሳት ጠቅሰዋል። ከመከር በኋላ ገለባ በሚከመርበትና ማሳ በሚቃጠልበት ሀገር ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም። መጋዘኑ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሕጉ አንድ ነው፤ ሙቀት፥ እሳትና ቸልታ በአንድነት ሲገኙ ጥይት የሰው ምርጫ አያውቅም።

እንግዲህ በሕግ የተፈቀደለት ሰው ሊያደርገው የሚገባው ነገር አስቸጋሪ አይደለም።

አንደኛ፥ ጠመንጃ ከመቀመጡ በፊት ጥይቱ መውጣት አለበት። ጥይት መያዣው ከወጣ በኋላ የጥይቱ ቤት በዓይንም በጣትም ይመርመር። ብዙ ሰው የሞተው ባዶ ነው በተባለ ጠመንጃ ነውና።

ሁለተኛ፥ ጠመንጃውና ጥይቱ በልዩ ልዩ ስፍራ ይቈለፍባቸው። ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ብቻ ይኑር እንጂ በምሰሶ ላይ ወይም በትራስ ሥር አይቀመጥ፤ ልጆች የአባታቸውን መደበቂያ ሁሉ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፥ ስፍራው ከጋራዥ፥ ከጋጣ፥ ከማድቤትና ከማዳበሪያ ቤት የራቀ፥ በመኖሪያው ቤት ውስጥ ከሙቀትና ከብርድ መለዋወጥ የተጠበቀ ይሁን። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ከውጭው ግድግዳ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጥ። ሌላ ስፍራ ጠፍቶ በጋራዥ ማስቀመጥ ግድ ቢሆን፥ ሣጥኑ አየር የማያስገባ ሆኖ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ይጨመርበት፤ ይህም በየጊዜው በሙቀት እየደረቀ ካልተመለሰ ጥቅም የለውም።

አራተኛ፥ ጠመንጃ በቆዳ አፎት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ አይክረም። ቆዳና ጨርቅ እርጥበትን ይዘው ያቆያሉ፤ ቆዳው የተለፋበት መድኃኒትም ብረቱን ይበላል።

አምስተኛ፥ መሣሪያው ከተነካ በኋላ ይወልወል፤ በጣት ላይ ያለው ላብ ጨው ነውና። ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ዘይት በስሱ ይቀባ። ዘይት ሲበዛ ትቢያ ይሰበስባል፤ ቅቤና ሞራም ሲቈዩ ይኮመጥጣሉና ለብረት አይሆኑም። በቀደመው ዘመን የተሠሩ ብዙ ጥይቶች ሲተኰሱ በአፈሙዙ ውስጥ ውሃ የሚስብ ጨው ስለሚተዉ፥ አፈሙዙ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ ነው ዘይት የሚቀባው። በክረምት ቢያንስ በየወሩ አንድ ጊዜ መመርመር ይገባል።

ስድስተኛ፥ የሻገተ፥ የተሰነጠቀ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ጥይት አይተኰስ፤ በእሳትም፥ በወንዝም፥ በጕድጓድም አይጣል። ለፖሊስ አስታውቆ በአዋቂ እጅ እንዲወገድ ማድረግ ነው እንጂ፥ የተጣለውን እረኛ ያገኘዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። «ጥይቱ በአንድ ሣጥን፥ ጠመንጃው በሌላ ሣጥን ከተቈለፈ ሌባ በመጣ ጊዜ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በሩቅ ገጠር የሚኖር ሰው ጭንቀት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሌባ በዓመት አንድ ሌሊት ይመጣ ይሆናል፤ ልጅ ግን በየቀኑ በቤቱ ውስጥ አለ። ቍጣም፥ ስካርም፥ የጎረቤት የድንበር ጠብም ደጃፍ ሳያንኳኩ የሚገቡ ናቸው። ቁልፍ ከፍቶ ጥይት እስኪያጐርሱ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ሌባን ለመከላከል ቢያዘገይ፥ የተቈጣ ሰው ልቡን እንዲመልስ ዕድል ይሰጣል። ከዚህም በቀር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ሌባን ከማባረር ይልቅ ሌባን የሚጠራ ሀብት ነው፤ የተሰረቀውም ጠመንጃ በሌላ ሰው ቤት ሐዘን ሆኖ ይገባል።

የአካባቢ ባለሥልጣኖችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ለሚሊሻ የታደለው መሣሪያ በእያንዳንዱ ሰው ጐጆ ተበትኖ ከሚዝግ፥ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፥ አየር የሚዘዋወርበት፥ መዝገብና ኃላፊ ያለው ግምጃ ቤት ቢሠራለት ለጸጥታውም ለንብረቱም ይበጃል። ይህም ግምጃ ቤት ከትምህርት ቤት፥ ከገበያና ከእህል አውድማ የራቀ እንዲሆን ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚሰጥ ሹምም አመልካቹን «ጠመንጃውን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የት ታስቀምጠዋለህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ነፍጥ ሊጠብቀው የማይችል ሰው በሕጉ መንገድ ለመንግሥት ቢያስረክብ የአባቱን ስም አዋረደ አይባልም። የአባት ስም የሚዋረደው ጠላት የተመለሰበት ጠመንጃ በቸልታ የገዛ የልጅ ልጁን ሲገድል ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። ዝናሙ ሳይከብድ ሣጥኑን ማየት፥ ቁልፉን መፈተን፥ ጥይቱን ከባሩድ ጠላቶች ከሙቀትና ከእሳት ማራቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን የአንድ ቀን ሥራ የናቀ ቤት የዕድሜ ልክ ሐዘን ሊገዛ ይችላል። ነፍጥ ይዞ መታየት የዓይን ክብር ነው፤ ነፍጥን ጠብቆ ማስቀመጥ ግን የኅሊና ክብር ነው። የጮሌም ሆነ የመላው ሀገር ባለ መሣሪያ ይህን ሁለተኛውን ክብር እንዲመርጥ ያስፈልጋል።