ኮዱን የሰጡት እማማ፣ ገንዘቡን ማን ይተካላቸው?

በስልክ ተታለው የማረጋገጫ ኮዳቸውን ለሰጡ አዛውንቶች ባንኩ የጠፋውን ይመልስ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ባንኩ ይተካ

ስልኩ ይጮኻል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልን።» እማማ ያነባሉ። ሌባው በእሳቸው ስም ገብቶ በደቂቃ ሒሳቡን ያራግፋል። ቅርንጫፍ ሲሄዱ የሚጠብቃቸው መልስ አጭር ነው፦ «ኮዱን የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

ይህ መልስ ከቁጥር ጋር አይገጥምም። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. በደረሰው አቤቱታ መሠረት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ወንጀል ያጡት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 3.4 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ጉዳቱ እንዲህ ሲሰፋ የእያንዳንዱ አዛውንት ቸልተኝነት ነው ማለት አይቻልም፤ የተበላሸው አሠራሩ ነው። ብሪታንያ ይህን ተረድታ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተታሎ ገንዘብ ላስተላለፈ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስለት ደንግጋለች። ወጪውን ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል፤ ለሌባው ሒሳብ የከፈተው ተቀባዩ ነውና።

እኛስ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀምሮ ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን በልጠዋል። አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ወንጀል ብሎታል። ማንነትን ለማረጋገጥ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም ከ2015 ጀምሮ አለን። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ብልሽት ወደ 801 ሚሊዮን ብር ያለአግባብ ሲወጣ፣ ከሦስት አራተኛ በላዩ በሁለት ሳምንት ገደማ ተመልሷል፤ ያልመለሱት ስምና ፎቶ ይፋ ወጥቷል። የባንክ ገንዘብ ሲጠፋ ዱካው ይገኛል። የጡረተኛዋ ሲሆን ለምን ይጠፋል?

ብር አይተካውም

እናቴ ካዛንቺስ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። የስልኳን መልእክት የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነበር፤ በአጥር በኩል ትጠራዋለች፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ያነብላታል። ማጭበርበሪያውን «እማማ፣ ይሄ ሌባ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እሷ ገላን ጉራ ገባች፣ ልጁ ሌላ ቦታ ገባ፣ እድርተኛውም ተበተነ።

ከዚያ አንድ ቀን ደወሉላት። ደዋዩ «እማዬ» አላት። እኔ ያን ሳምንት አልደወልኩላትም ነበር።

ለመታከሚያ ያስቀመጠችው ሁሉ ሄደ። ለሁለት ወር አልነገረችኝም፤ «አረጀች፣ ጃጀች» እንዳትባል ፈርታ። ሳውቅ ከራሴ ገንዘብ ሙሉውን ተካሁላት። ስልኩ ሲጮህ ግን እስካሁን አታነሳም። ታዲያ ባንኩ ቢተካ ምን ይለወጥ ነበር?

ሌላም የምፈራው አለ። ባንክ ኪሳራ የሚያመጣበትን ሰው በር ላይ ይመልሳል። «አዛውንት ናቸው፣ ዋስ ያምጡ» ሲባል እንሰማለን። ከዚህም በላይ ስንቱ አዛውንት የሚዘረፈው በደዋይ ሳይሆን የሚስጥር ቁጥሩን በሚያውቅ የገዛ የልጅ ልጁ ነው? ለእሱም ባንክ ይክፈል? አይሆንም። ወላጁን የሚጠብቅ ልጅ፣ አሮጊቷን የሚያይ ጎረቤት ይመለስ። ጥበቃ ከዚህ ይጀምራል።

መልስ፦ ልጅ የሌላቸውስ?

«ያን ሳምንት አልደወልኩም» የሚለው አንጀቴን በላው፤ ሕግ ግን በእሱ ላይ አይቆምም። ልጇን የቀበረች፣ ልጇ ዓረብ አገር ያለች፣ ማንም የማይደውልላት እናት ምን ትሁን? እናትዎ ሁለት ወር የደበቁትም «ራስሽ ሰጠሽ» መባልንም ፈርተው ይሆናል። ያን ቃል ከባንኩ አፍ ማውጣት የሚቻለው በግዴታ ብቻ ነው።

መልስ፦ እናቴ ድምር አይደለችም

በዶላርና በፓውንድ አታስሉልኝ። እናቴ በ4.9 ቢሊዮኑ ውስጥ የለችም። የሰረቋት «እማዬ» በሚለው ቃል ነው፤ ይህን ቃል ግማሽ በግማሽ የሚከፍሉት ሁለት ባንኮች የሉም። ልጅ የሌላቸው እናቶች አሉ ብለዋል፤ እውነት ነው። ካዛንቺስ ግን ለእነሱም ልጅ የሚሆን ሰፈር ነበራቸው፤ ያንን ነው መልሳችሁ ስጡን የምለው።

አሁን እሑድ እሑድ ገላን ጉራ እሄዳለሁ። በሳምንቱ የገባውን መልእክት አንድ በአንድ አነብላታለሁ። መሃል ላይ ስልኩ ከጮኸ እጇን ትሰበስብና ታየኛለች፦ «ማን ነው?»