በመጀመሪያው ሳምንት ፍርድ አይሰጥም

በጅቡቲ ከተማው ካርቲየ 2 ሰፈር አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። የጅቡቲን ወደብ ጭነት ወደ ኢትዮጵያ የሚያመላልስ ሾፌር የሚያውቅ ሰውም አይጠፋም። በጋላፊ መንገድ መኪና ተገለበጠ ሲባል፣ ከ«ተርፏል ወይ?» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ይነሳ ይሆን?» ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ ችኩል መልስ ይጎዳል። አከርካሪው የተመታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት፣ ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ ጭራሽ ሊደነዝዝ ይችላል። ድንዛዜው እስኪለቅ ድረስ የሕብለ ሰረሰሩ ጉዳት ሙሉ ይሁን ከፊል መለየት ያስቸግራል። በፊንጢጣው ዙሪያ ስሜት የቀረለት ወይም የእግር ጣቱን ማዘዝ የቻለ ሰው የተሻለ ተስፋ አለው። ስሜትም እንቅስቃሴም ጨርሶ ያልተመለሰለት ሰው ግን ዳግም የመራመድ ዕድሉ ጠባብ ነው። አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ የሚመለስ ጉልበትም አለ።

አበበ ቢቂላን እናስታውስ። በመጋቢት 1969 (እ.ኤ.አ.) ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጣ አንገቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲገባ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ከወራት ሕክምና በኋላ እጆቹ ታዘዙለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1970 እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ የውሻ ጋሪ እሽቅድምድም አሸነፈ። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ሰው አልተራመደም፤ ግን አገግሟል። ማገገምን በእግር መቆም ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ታሪክ ደግሞ ቢያስብበት ይበጃል።

በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን በ1944 ያቋቋመው ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። የጉትማን ዘዴ ተአምር አልነበረውም፦ ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የሽንት ፊኛውን በንጽሕና ማስተንፈስ፣ አካሉን በስፖርት ማሠራት። ብዙው ነገር ነርስ ያሳየው ቤተሰብ ካርቲየ 2 ውስጥም ሊያደርገው የሚችል ነው።

የጅቡቲ ሙቀት ግን ሌላ ሸክም ይጨምራል። አንገቱ ወይም የላይኛው ጀርባው ላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች እንደ ልቡ አያልበውም፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ለእንዲህ ያለ ሰው የአየር ማራገቢያ፣ እርጥብ ጨርቅና ጥላ የሕክምናው አካል ናቸው። የሚረዳ ዘመድ ገንዘብ ሲልክ ከመድኃኒቱ ጎን ይህንንም ያስብ።

የመዳን ዕድሉ ግን ከሆስፒታል በፊት አስፋልቱ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ተጎጂውን ብብቱንና እግሩን ይዞ ፒካፕ ላይ መወርወር በከፊል የተጎዳውን ሕብለ ሰረሰር ጨርሶ ሊያበላሸው ይችላል። ሾፌሮችና ረዳቶች ይህን ይያዙ፦ እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ተጎጂውን አታንሱት። ማንሳት ግድ ከሆነ አንዱ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ወገቡንና እግሩን ይዘው በአንድ ቃል፣ በአንድ ጊዜ ጠንካራ ሳንቃ ላይ ያሳርፉት።