«ምን ይጠቅማል?» ከማለታችን በፊት



በካንሰር ለታመመ ወገናችን እርዳታ ሲጠየቅ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ በየስልካችን ይዞራል፣ «ሼር አድርጉ» እንባባላለን፣ አልሐምዱሊላህ የሚሰጥ እጅም አይጠፋም። ከዚያው ማኅበረሰብ አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነስቶ «ባዮሎጂ አጥንቼ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ግን ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ምን ይጠቅማል? ሐኪም አትሆንም?» ይለዋል። ይህች ጥያቄ ስንት እንደምታስከፍል ለማየት የአንድ አሜሪካዊ ሳይንቲስትን የሥራ ዘመን እንመልከት። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስ አሊሰን በ1948 ቴክሳስ ውስጥ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። እናታቸውን ገና በልጅነታቸው በካንሰር አጡ። እሳቸው ግን የመረጡት ሕክምናን ሳይሆን ምርምርን ነው። የያዛቸው ጥያቄ ስለ ካንሰር እንኳ አልነበረም። በደማችን ውስጥ የሚዞሩ «ቲ ሴል» የሚባሉ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። ጠባቂው ጠላቱን በምን ያውቀዋል? «ተነስ» የሚለውስ፣ «በቃ ቁም» የሚለውስ ምንድን ነው? ይህን ብቻ ለመረዳት ዓመታት ፈጁ። በ1982 ቲ ሴል ጠላቱን የሚለይበትን ፕሮቲን ለይተው አወጡ።

ቀጥሎ ትኩረታቸው ቲ ሴል ላይ ወደሚገኝ ሲቲኤልኤ-4 ወደተባለ ሌላ ፕሮቲን ዞረ። አንዳንድ ተመራማሪዎች እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ጠባቂውን የሚያነሳሳ መስሏቸው ነበር። የአሊሰን ቤተ ሙከራና ሌሎችም ሲመረምሩት ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ፍሬን ነው! እስከዚያ ድረስ የሰውነትን መከላከያ በካንሰር ላይ ለማዝመት የሞከሩት በአብዛኛው ነዳጅ ሲጨምሩ ነበር። አሊሰን «ፍሬኑን ብንለቀውስ?» አሉ። ፍሬኑን የሚከለክል አንቲቦዲ ካንሰር ላለባቸው አይጦች ሲሰጥ ዕጢው ጠፋ። ውጤቱ በ1996 ታተመ።

መድኃኒቱ በማግስቱ ገበያ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት በሰውነት መከላከያ ካንሰርን ለማከም የተደረጉ ሙከራዎች ብዙ ተስፋ ሰጥተው ስለከሸፉ የመድኃኒት ኩባንያዎች ፊታቸውን አዞሩባቸው። አሊሰን የአንዱን በር ሲያንኳኩ፣ የሌላውን ሲለምኑ ዓመታት አለፉ። በዚህ መሀል ወንድማቸውም በካንሰር ሞቱ። ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው፤ ከአይጦቹ ውጤት 15 ዓመት በኋላ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በሰውነታቸው ተሰራጭቶ፣ ቀድሞ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ከነበሩ ሕሙማን መካከል፣ ይህን መድኃኒት ከወሰዱት ከአምስት አንዱ ገደማ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ኖረዋል።

በጃፓንም ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ፒዲ-1 የተባለ ሌላ ፍሬን ያገኙት የሕዋሳትን አሟሟት ሲያጠኑ እንጂ የካንሰር መድኃኒት ሲፈልጉ አልነበረም። ካንሰሩ አንጎላቸው የደረሰው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ2015 ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር የወሰዱት መድኃኒት ይህን ፍሬን የሚለቅ ነው። ከዚያ በኋላ ኖረው 100 ዓመት ደፍነው በ2024 አረፉ። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ነገሩን አናጋንን። መድኃኒቶቹ ሁሉንም ሕመምተኛ አያድኑም። ፍሬኑ የተለቀቀ ጠባቂ አንዳንዴ የራስን አንጀት፣ ጉበትና ቆዳ ያጠቃል። ዋጋቸውም ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም። ሸፋው ከአላህ ነው፤ ሰበቡን መፈለግ ግን የእኛ ድርሻ ነው፤ ሰበቡ ደግሞ እንዲህ ባለ ረጅም ሰብር ይገኛል።

«ሰው ዛሬ እየሞተ ስለ ቤተ ሙከራ ታወራላችሁ?» የሚለን ይኖራል። እውነት አለው። ለታማሚ ከሚሰጠው ሰደቃ አንድ ብር ይቀነስ አንልም። ነገር ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ተሰባስቦ የሚገዛው መድኃኒት፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ጥቅሙ ያልታየ ጥያቄ እንዲጠይቅ ስለተፈቀደለት የተገኘ ነው። አሊሰን በ1982 «ይህ ፕሮቲን ማንን ያድናል?» ቢባሉ የሚመልሱት አልነበራቸውም። ጥቅሙን አስቀድሞ ካላየ የማይደግፍ ማኅበረሰብ ሌሎች የደከሙበትን በውድ ሲገዛ ይኖራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ለምን?» እያለ ሲያስቸግራችሁ አታሳፍሩት። ባለሀብቶቻችን ሆይ፣ ለታማሚ ከምትለግሱት ሌላ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የምርምር ወጪ ብትሸፍኑ፣ ጠቃሚ ዒልም ትታችሁ የምታልፉበት በር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ መንገዱ ረጅም ነውና ስንቃችሁ ሰብር ይሁን።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዒልም ይስጥልን። አሚን።